ጭላዳን ቀድሞ ማየት፦ ስለ ባይኖኩላር፣ ስለ ወንጭፍና ስለ ጭቃ ድቡልቡል

የአባቴ ማሳ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ፣ ኮሶዬ አካባቢ ነው። ሜዳው ድንገት ያልቅና ገደል ይሆናል። የኛ ገብስ የሚያበቃው እዚያው አፋፉ ላይ ነው። ከአፋፉ በታች ደግሞ ጭላዳ የሚባሉት ዝንጀሮዎች ያድራሉ። ማታ የገደሉ ወገብ ላይ ተደርድረው ይተኛሉ። ጠዋት እየተንጠላጠሉ ወደ ሜዳው ይወጣሉ። መጀመሪያ የሚያገኙትም የኛን ማሳ ነው።

የጭላዳ ዋና ምግቡ ሣር ነው። የአካባቢው እረኛ ሁሉ ይህን ያውቃል። ቁጭ ብሎ በሁለት እጁ ሣር ሲነጭ ነው የሚውለው። ግን ገብስም የሣር ዘመድ ነው። እሸት ሲይዝ ደግሞ ከሣር ይጣፍጣል። አንድ መንጋ ግማሽ ሰዓት ማሳ ውስጥ ከቆየ ከበላው ይልቅ የረገጠውና የሰበረው ያስለቅሳል።

የከበደን ግን ወቅቱ ነው። ገብሱ እሸት የሚይዘው በመስከረም ነው። ትምህርት ቤት የሚከፈተውም በመስከረም ነው። እኔ ሦስተኛ ክፍል የገባሁት በኅዳር፣ አጨዳው ካለቀ በኋላ ነው። እህቴ አራተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ተማረች። ሰነፍ ስለነበረች አይደለም፤ ዝንጀሮ ስትጠብቅ ስለከረመች ነው። አሁን እኔ ከጎንደር ከተማ ዳር ባለ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። በየዓመቱ መስከረም ላይ ስም ስጠራ «አቤት» የማይሉ ልጆች አሉ። የት እንዳሉ አውቃለሁ።

ታናሽ ወንድሜ ሰባተኛ ክፍል ሊገባ ሲል አባቴን «ይኼ ልጅ ዘንድሮ መቅረት የለበትም» አልኩት። አልተቆጣም። «እኔስ እንዲቀር መች ፈለግሁ። ግን ዓይኔ ደከመ ልጄ። ማሳውን ማን ይይልኝ?» አለኝ።

የመልሱ ቁም ነገር የገባኝ ወደ ከተማ ስመለስ፣ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ማን ይወርውርልኝ አላለም። ማን ይይልኝ ነው ያለው። እኛ ልጆች ሆነን ሦስት ሆነን አፋፉ ላይ የምንበተነው ለምን ነበር? አንዳችን ከቆምንበት ቦታ ሌላውን ጥግ ማየት ስለማንችል ነበር። ለመወርወሩማ አንድ ሰው ይበቃ ነበር።

እኛ አገር የዝንጀሮ ነገር ሲነሳ ቶሎ የሚታሰበው ጠመንጃ ነው። አባቴም ፈቃድ ያለው አሮጌ ምንሽር አለው። እኔ ግን ጠመንጃውን ከዚህ ጉዳይ አውጡት እላለሁ። ጭላዳ ከኢትዮጵያ በቀር በዱር የሚኖርበት አገር የለም። ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መግደልም ያስጠይቃል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጁም፣ ቁጥር 1177/2012፣ መሣሪያ መያዝን በፈቃድ ነው ያደረገው። ከሕጉ በላይ ግን እኔን የሚያስፈራኝ የጥይቱ መድረሻ ነው። የምንሽር ጥይት ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል። ከአፋፉ ወደ ታች ሲተኮስ እዚያ ቆላው ላይ ቤት አለ፤ ከብት አለ፤ ውኃ የምትቀዳ ልጅ አለች። ወደ ሰማይ የተተኮሰውም ተመልሶ ይወርዳል። በዚህ ጊዜ ደግሞ የአንድ ጥይት ድምፅ አገሩን ሁሉ ያስደነግጣል። ሰው መደንገጥ በቅቶታል።

ይሁን እንጂ መንገዱን ያሳየኝ ስለ ጠመንጃ የሰማሁት ወሬ ነው። የአጎቴ ልጅ የሚኖረው አሜሪካ፣ ዋዮሚንግ ነው። እዚያ ፕሬሪ ዶግ የሚባል፣ ሜዳ ላይ ጉድጓድ የሚቆፍር ትንሽ እንስሳ አለ። ግጦሹን ስለሚሻማቸው ከብት አርቢዎች አይወዱትም። አዳኞች ከሩቅ ሆነው ያድኑታል፤ እሱም ያድናል። የእሱ ጠመንጃ የሚተኩሰው .223 ሬሚንግተን የሚባለውን ጥይት ነው። አረሩ በጣም ቀላል ነው፤ ከ40 እስከ 55 ግሬይን፣ በግራም ከ2.6 እስከ 3.6 ገደማ። በስልክ ስናወራ ስለዚህ ነገር ከጀመረ አያቆምም። «ሰው ስለ ጠመንጃው ይጨነቃል። መጀመሪያ መነጽሩ ነው። ከዚያ ቃታው። ከዚያ ጥይቱ» ይለኛል።

ምክንያቱን አስረዳኝ። አዳኙ ሜዳ ላይ ከሚውልበት ሰዓት አብዛኛው የማየት እንጂ የመተኮስ አይደለም። ቃታው ከከበደ ጣት ከቃታው ጋር ስትታገል አፈሙዙ ይዛነፋል። ስለዚህ የእሱን ቃታ በባለሙያ አስቀልሎ ወደ አንድ ኪሎ ገደማ አውርዶታል። በጣም ከቀለለ ደግሞ ጠመንጃው ገና ሲነካ ሊባርቅ ይችላል። ለዚህ ብሎ ጥይት እንደሌለበት ደጋግሞ ካረጋገጠ በኋላ ሰደፉን መታ መታ እያደረገ ይፈትሸዋል። ጥይቱንም ራሱ ይሞላል። የተተኮሰውን ቀለህ አጽድቶ ወደ ልኩ ይመልሰዋል። ባሩዱን እስከ አንድ አሥረኛ ግሬይን ድረስ ይመዝናል። አረሩን ሁልጊዜ እኩል ጥልቀት ላይ ያስቀምጣል። መመሪያው ላይ ከተጻፈው ትልቁ መጠን አይጀምርም። ከታች ጀምሮ ቀስ እያለ ነው የሚወጣው፤ ግፊቱ ከበዛ ጠመንጃው ፊቱ ላይ ሊፈነዳ ይችላልና።

አንድ ነገር ሲነግረኝ ግን ብዕር አንስቼ ጻፍኩት። «ጥይቶቼ እርስ በርስ ካልተመሳሰሉ የሳትኩት እኔ ልሁን ጥይቱ በምን አውቃለሁ?» አለኝ።

እኛ ስንወነጭፍ እጃችን የገባውን ድንጋይ ነው የምናነሳው። አንዱ የእንቁላል ያህል፣ አንዱ የሎሚ ያህል፣ አንዱ ጠፍጣፋ። ከዚያ ሳትን ብለን ክንዳችንን እንወቅሳለን።

የተነሳሁት ከባይኖኩላሩ፣ ከባለ ሁለት ቱቦው የሩቅ ማያ መነጽር ነው። ፒያሳ አንድ ሱቅ ውስጥ «30 በ60» ተብሎ የተጻፈበት፣ ኪስ የሚገባ ዕቃ አሳዩኝ። ሌንሱ ቀይ ያብለጨልጫል። ሌሊትም ያሳያል ተባልኩ። ገዛሁት፤ ገንዘቤን ጣልኩት። እናንተ እንዳትጥሉት ቁጥሩን ላስረዳችሁ። የመጀመሪያው ቁጥር ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ ነው። ሁለተኛው የፊተኛው ሌንስ ስፋት በሚሊሜትር ነው። 60 ሚሊሜትር ማለት 6 ሳንቲሜትር ነው። ቤት ገብቼ በማስመሪያ ስለካው የኔው ሌንስ 2 ሳንቲሜትር ከትንሽ ነበር። ቁጥሩ ዝም ብሎ የተጻፈ ነው። ቀዩ ቅብም አይጠቅምም። ቀዩን ብርሃን ወደ ውጪ ስለሚመልሰው ሥዕሉ አረንጓዴ ይመስላል። የጭላዳን ደረት ቀይ ምልክት እንኳ ቡናማ አድርጎ ነው ያሳየኝ። እባካችሁ ሱቅ ስትሄዱ ማስመሪያ ያዙ።

ሌላው ሒሳብ ቀላል ነው። ሁለተኛውን ቁጥር ለመጀመሪያው አካፍሉት። 8 በ42 የሆነው 5.25 ይሰጣል። ይህ ከኋላው ሌንስ ወጥቶ ዓይናችን ውስጥ የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት ነው፤ በሚሊሜትር። ባይኖኩላሩን ክንዳችሁ እስኪዘረጋ አርቃችሁ ወደ ሰማይ ብታዞሩት ክቡን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ጎሕ ሲቀድ የዓይናችን ብሌን ብርሃን ፍለጋ ይሰፋል። የወጣት ብሌን እስከ 7 ሚሊሜትር ይሰፋል፤ ዕድሜ ሲገፋ ወደ 5 ይወርዳል። ስለዚህ ለአባቴ ዕድሜ 5 ገደማ የሚሰጥ በቂው ነው። 20 በ50 የሚባለው ግን 2.5 ብቻ ነው። ቀትር ላይ ያምራል። እኛ ግን የምንፈልገው ንጋት ላይ፣ ጉም ገና ገደሉን ሳይለቅ ነው። ያን ሰዓት ጨለማ ነው የሚያሳየው።

«ብዙ የሚያቀርበው አይሻልም ወይ?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። አይሻልም። የሚያቀርበውን ያህል የእጃችንንም መንቀጥቀጥ ያጎላዋል። 8 እጥፍ የሆነው በእጅ ተይዞ ይረጋል። 10ም ለጠንካራ እጅ ይሆናል። ከዚያ በላይ ማቆሚያ እግር ይፈልጋል። ደግሞ 8 እጥፍ የሆነው ሰፋ አድርጎ ያሳያል። አንድ ኪሎ ሜትር ላይ ጎን ለጎን ከ120 ሜትር በላይ ስፋት በአንድ ጊዜ ይታያል። አፋፍ ለሚጠብቅ ሰው ትልቁ ነገር ይህ ነው። አንዱን ጭላዳ አጉልቶ ከማየት ይልቅ መስመሩን ሁሉ ቶሎ ቶሎ ማሰስ ነው የሚያስፈልገው።

ሁለተኛውን ባይኖኩላር ያገኘሁት ደባርቅ ነው። ከተማዋ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ስለሆነች ባይኖኩላር የሚያውቅ ሰው አይጠፋባትም። አንድ አስጎብኚ ያገለገለ 8 በ42 ሸጠልኝ፤ ከአንድ ሙክት ዋጋ ባልበለጠ። ከመክፈሌ በፊት ግን በደንብ ፈተሽኩት። መጀመሪያ ያንን የብርሃን ክብ አየሁ። ፕሪዝም ማለት ውስጡ ያለው ብርሃን የሚያጥፍ መስታወት ነው፤ ጥሩው፣ ባክ-4 የሚባለው፣ ክቡን ድፍን አድርጎ ያሳያል። ርካሹ ጠርዙን ቆረጥ አድርጎ አራት ማዕዘን ያስመስለዋል። ቀጥሎ የሩቅ ቆርቆሮ ጣሪያ አየሁበት። መስመሩ ሁለት ሆኖ ከታየ ሁለቱ ቱቦዎች ተዛንፈዋል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ለአምስት ደቂቃ ያሳይና ራስ ምታት ይሰጣል፤ በነፃም ቢሰጧችሁ አትውሰዱት። ጎንደር ላይ የምትገዙ ከሆነ ወደ ፋሲል ግንብ አዙሩት። የግንቡ ጫፍ ከሰማዩ ጋር የሚገናኝበትን ጠርዝ ተመልከቱ። ወይን ጠጅና አረንጓዴ ቀለም ጎልቶ ከተንጠባጠበበት መስታወቱ ደካማ ነው። ትንሽ ከሆነ ግን ለኛ ሥራ አይጎዳም። የሱቁን ማስታወቂያ ሰሌዳ እያዩ መግዛት አያዋጣም፤ በቅርብ ሁሉም አሪፍ ነው።

ለመስከረም ጉም ውኃ የማያስገባና ውስጡ ናይትሮጅን የተሞላ ቢሆን ይመረጣል። አለዚያ ከሞቀ ቤት ወደ ብርድ ሲወጣ ውስጡ ጤዛ ይይዛል። ውስጥ ያለውን ጤዛ ደግሞ መጥረግ አይቻልም። መነጽር የሚያደርግ ሰው ዓይኑን ከሌንሱ ቢያንስ 15 ሚሊሜትር አርቆ ማየት መቻል አለበት። ጎማውን ወደ ታች አጥፎ ሙሉው ክብ ከታየው ይሆነዋል።

አባቴ መጀመሪያ ሲያይበት «ጭጋግ ነው» አለኝ። ያላስተካከልኩለት እኔ ነኝ። ቀኝ ዓይን ይከደንና በመሐለኛው መዞሪያ ለግራው ዓይን ይጠራል። ከዚያ ግራው ይከደንና ቀኙ ላይ ባለችው ትንሽ መዞሪያ ለቀኙ ይጠራል። እሷን አንዴ ካገኟት አትነካም። የእህቴን ጥፍር ቀለም ወስጄ የአባቴን ልክ ላይ ነጠብጣብ አደረግሁበት። ከዚያ እንደገና ሰጠሁት። ማማው ላይ ክርኑን አስደግፎ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ እየቆጠረ ነበር። «ሃምሳ ሰባት» አለኝ። ዕድሜውን ሙሉ «መንጋው መጣ» ሲል ነው የኖረው። ቁጥራቸውን ሲናገር የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ፀሐይ ስትወጣ ባይኖኩላሩን ወደ እሷ ማዞር ዓይን ያጠፋል። ልጆች ደጋግመው ይነገራቸው። ሌንሱንም በጋቢ አትጥረጉት። አቧራው ይሞጭረዋል። መጀመሪያ እፍ በሉት፣ ቀጥሎ በለስላሳ ብሩሽ፣ በመጨረሻ በመነጽር ጨርቅ።

አሁን ወደ ወንጭፉ። የኛ ወንጭፍ የአያቴ አሠራር ነው። መሐሉ ቆዳ ነው፣ ሁለቱ ክንዶቹ የቃጫ ገመድ ናቸው። ለሁለት ሲታጠፍ ርዝመቱ አንድ ክንድ ከስንዝር ይሆናል። አንደኛው ጫፍ ቀለበት አለው፤ መሐል ጣት ይገባበታል። ሌላው ጫፍ ቋጠሮ ነው፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይያዛል። ድንጋዩ የሚሄደው ቋጠሮው ከጣት ሲወጣ ነው። የወንጭፍ ቃታ ማለት ይቺ ቋጠሮ ናት። የአጎቴ ልጅ ስለ ቃታ ያለኝን ሁሉ እዚህ አገኘሁት።

አሮጌ ጆንያ 50 እርምጃ ላይ ዘርግተን 20 ጊዜ ወነጨፍኩ። ከጆንያው በ5 እርምጃ ውስጥ ያረፈው 6 ብቻ ነበር። የቀሩት ወደ ግራ ሄዱ፤ ሁሌ ወደ ግራ። ምክንያቱ ቋጠሮው ነበር። የባቄላ ፍሬ ያህል ነው፣ ጣቴን ይይዘዋል፣ ዘግይቶ ይወጣል። በዘገየች ቅጽበት ክንዴ ሌላ ቦታ ደርሷል። ጠዋት ሲሆን ደግሞ ቃጫው ጉሙን ጠጥቶ ያብጣል፣ ይሻክራል። ስለዚህ የመጨረሻውን አንድ ስንዝር ገመድ አውጥቼ በተገመደ ናይለን ተካሁት። ናይለን ውኃ ብዙም አይጠጣም፣ ያንሸራትታል። ቋጠሮውን ወደ ሽምብራ ፍሬ መጠን አወረድኩት። ጫፉን በክብሪት ሳቀልጠው የደረቀው ነገር ጣት ስለሚቧጥጥ በቢላ ላጥኩት።

ከዚያ አበዛሁት። ቋጠሮውን ከሽምብራም አሳንሼ የምስር ያህል አደረግሁት። በሦስተኛው ውርወራ ገና ከኋላዬ እያለ አመለጠኝ። ድንጋዩ ወደ ኋላ ሄዶ የቤታችንን ቆርቆሮ መታ። እናቴ ውስጥ ነበረች። አልጎዳትም፤ እኔ ግን እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የገባሁት። ያ በጣም የቀለለ ቃታ ነው፤ ልክ እንደባረቀ ጠመንጃ። ወደ ሽምብራው መለስኩት። ከዚያን ቀን ወዲህ የሚወነጭፍ ሰው ካለ ከኋላውም ከጎኑም 20 እርምጃ ውስጥ ማንም አይቆምም። ይህን ልጆች ሁሉ ያውቃሉ።

ሁለት ነገር ልጨምር። የሁለቱ ገመዶች ርዝመት እኩል ይሁን። ቀለበቱንና ቋጠሮውን አንድ ላይ ይዛችሁ አንጠልጥሉትና ቆዳው ወደ አንድ ጎን መጋደሉን እዩ። ከዝናብ በኋላ ቆዳው ስለሚለጠጥ እንደገና ይታይ። ደግሞ አሥር ጊዜ ማሾር አያስፈልግም። አንድ ዙር ከራስ በላይ፣ ከዚያ መልቀቅ። ብዙ ማሾር ክንድ ያደክማል፣ የመልቀቂያውንም ቅጽበት ያጠፋል።

ድንጋዩ ላይ ብዙ ጊዜ ፈጅቻለሁ፤ ግን ከሁሉ በላይ የካሰኝ እሱ ነው። ከወንዝ የለቀምናቸውን 30 ጠጠሮች በወጥ ቤት ሚዛን መዘንኩ። ትንሹ 38 ግራም፣ ትልቁ 141 ግራም። አንድ ክንድ እነዚህን ሁለቱን አንድ ቦታ ሊያሳርፋቸው አይችልም። እኩል እኩሉን መርጬ መሰብሰብ ጀመርኩ፤ በቶሎ አለቀብኝ። ደግሞ የተወረወረ ድንጋይ ማሳው ውስጥ ይቀራል። በአጨዳ ማጭድ ያደንዛል፣ በእርሻ ማረሻ ይመታል። አባቴ «እናንተ የጣላችሁትን ነው እኔ ስለቅም የምከርመው» ይለን ነበር። ስለዚህ ወደ ጭቃ ሄድን።

ዋልካ አፈር ብቻውን አይሆንም። ሲደርቅ በጣም ስለሚኮማተር ይሰነጠቃል። ቀይ አፈር አብዝተን ዋልካውን ለማጣበቂያ ያህል ጨመርን። አንድ እፍኝ በደንብ የደቀቀ የጤፍ ጭድም ገባበት። እንደ ቤት ምርጊት በእግር ረግጠን አንድ ሌሊት አሳደርነው። ለመስፈሪያ የቡና ሲኒ ወሰድን። ሲኒው ሙሉ ሲሆን ስለሚከብድ ከአፉ ዝቅ አድርገን ምልክት አደረግንበት። እርጥቡ 95 ግራም ሆነ። በመዳፍ ተድቦልቡሎ ሲደርቅ 76 ግራም ገደማ ቀረ። ትልቀቱ ሲታይ ከዶሮ እንቁላል ትንሽ የሚያንስ ነው። ለአባቴም ለእህቴም ክንድ ተስማማ።

አደራ፣ መጀመሪያ ፀሐይ ላይ አታስጡት። ውጪው ቀድሞ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ሦስት ቀን ጥላ ውስጥ፣ ከዚያ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ። ሲደርቅ እያንዳንዱን መዘንኩ። ከ76 በ5 ግራም የበለጠውንና ያነሰውን ለይቼ ለወፍ መጠበቂያ አደረግሁት። ጎበጥ ያለውንም አወጣሁ። ጎባጣ ድቡልቡል አየር ላይ ይታጠፋል። የቀሩትን በቁና አድርገን ከምድጃው በላይ ቆጥ ላይ አስቀመጥናቸው። ሙቀቱ ያደርቃቸዋል። ማሳ ሲወሰዱ ፌስታል ውስጥ ነው፤ ጉም ከጠጡ ክብደታቸውም ይለወጣል፣ ይለሰልሳሉም።

በዚህ ድቡልቡል፣ በአዲሱ ቋጠሮ፣ ጆንያው ላይ ደግሜ 20 ወነጨፍኩ። 13ቱ በ5 እርምጃ ውስጥ አረፉ። ክንዴ ያው ክንዴ ነው።

ሳላስበው ያገኘሁት ጥቅምም አለ። ጭቃው መሬት ሲመታ ይፈረካከሳል፣ አቧራ ያስነሳል። በባይኖኩላር የሚያይ ሰው የት እንዳረፈ ወዲያው ይናገራል። የአጎቴ ልጅ ይህን ስነግረው ደስ አለው። እነሱም ሜዳው ላይ ሁለት ሆነው ነው የሚሠሩት። አንዱ ይተኩሳል፣ ሌላው በመነጽር አቧራው የተነሳበትን አይቶ «ወደ ቀኝ፣ ዝቅ» ይላል። እኛ ጋ አባቴ ያያል፣ እህቴ ትወነጭፋለች። «አጠረ፣ አሥር እርምጃ ጨምሪ» ይላታል።

ጠዋት የሚሆነው እንዲህ ነው። አባቴ ማማው ላይ ሆኖ የገደሉን አፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያስሳል። የመጀመሪያው ጭላዳ ራሱን ብቅ ሲያደርግ ከገብሱ ገና ሩቅ ነው፤ ሦስት አራት መቶ ሜትር። ልጆች ሆነን የምናየው ማሳው ውስጥ ከገባ በኋላ ነበር። እሸት ከቀመሰ በኋላ ማስወጣት ከባድ ነው፤ ከመቅመሱ በፊት ግን ቀላል ነው። መጀመሪያ ጅራፍ ይጮኻል። የጅራፍ ጫፍ ከድምፅ ስለሚፈጥን ነው እንደ ጥይት የሚጮኸው። ብዙ ጊዜ አውራው ቆም ብሎ ያይና ይመለሳል። ካልተመለሰ ድቡልቡሉ ከፊቱ 10 እርምጃ ቀድሞ ይወድቃል። እንስሳውን መምታት አንፈልግም። የቆሰለ ዝንጀሮ አደገኛ ነው፤ ደግሞም ያሳዝናል፣ ግልገል ያዘለች እናት ብትሆንስ። ዋናው ነገር በእነሱና በገደሉ መሐል ፈጽሞ አለመቆም ነው። ሲደነግጡ የሚሸሹት ወደ ገደሉ ነው። መንገዱ ከተዘጋባቸው ወደ ማሳው ነው የሚገቡት፤ ወይም ወደ ሰው። ውርወራውም ሁልጊዜ ከማሳው ወደ ገደሉ አቅጣጫ ይሁን። ገደሉ ሥር ሰው የሚያልፍበት መንገድ ካለ ግን አፋፉን የሚያልፍ ነገር አትወርውሩ።

ቦታም እንለዋውጣለን። አንድ ቦታ ብቻ ከተጮኸ ይለምዱታል። እህቴ አንድ ቀን ከማማው ሥር፣ አንድ ቀን ከታችኛው ድንበር ትወነጭፋለች። ጃርት የሌሊት ስለሆነ ይህ ሁሉ አይሠራለትም፤ ለድንቹ ዙሪያውን አጥር ነው ያጠርነው።

ለአንድ እሸት ወቅት 200 ያህል ድቡልቡል ይበቃናል። የምንሠራው ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ ጋብ ባለ ቀን፣ ከቤቱ ጥግ ጥላ ሥር ነው። ባለፈው ነሐሴ ወንድሜም ከጎኔ ቁጭ ብሎ በሲኒ እየሰፈረ አድቦለቦለ። መስከረም ላይ ትምህርት ቤቱ በተከፈተ ቀን አባቴ በጠዋት ደወለልኝ። ከማማው ላይ ነበር፣ ነፋሱ ይሰማል። «ልጁ ይታየኛል» አለኝ። «ቦርሳውን አዝሎ መንገዱ ጋ ደርሷል። አሁን ከጓደኞቹ ጋር ተገናኘ።»